የኒኮቲን ማስቲካ በጎንደር፦ 12 ሳምንት፣ ስድስት ፓኬት እና የእማዬ ቡና

አምስት ፓኬት ጨርሻለሁ፣ ስድስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ፍሬ ቀርቶታል። አንዱ ፓኬት 100 ፍሬ ነው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው አንድ ቀን ቀምሶ እንደተወው ሰው ሆኜ አይደለም። ከጥር እስከ ፋሲካ በኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ። ጎንደር ውስጥ ማጨስ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነበር፣ ያገኘሁት ግን «ወንድ ከሆንክ በአንድ ቀን ጣለው» የሚል ብቻ ነው።

ነጥቡን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ማስቲካው ይሠራል። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ውድ ስለሆነ ነው፤ ደግሞ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ስለ ቡና አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ለእኛ አገር ሰው አንድ መስመር አይበቃም። ወደዚያ እመጣለሁ።

አራዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። 38 ዓመቴ ነው፣ ያጨስኩት 19 ዓመት ነው፤ ማለትም የዕድሜዬን እኩሌታ። በቀን አንድ ፓኮ፣ አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። የመጀመሪያዋን ፊቴን ሳልታጠብ ነበር የምለኩሳት።

እማዬ አንድም ቀን «ታጨሳለህ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ቤት ውስጥ አጭሼ አላውቅም። ደጅ ጨርሼ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ፣ ሎሚ ቢጤ መጥጬ ነበር የምገባው። እኛ ጋ ነገሩ እንደዚህ ነው። ትምባሆ ነውር ነው፣ ነውር ደግሞ ይደበቃል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆ ያጨሰን ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ ልጅ ሆነን ይሄን ስንሰማ ነው ያደግነው። እኔ ግን ከራሴ የተረዳሁት፣ እፍረቱ መደበቅን አስተማረኝ እንጂ አላስቆመኝም። 19 ዓመት ሙሉ ተደብቄ አጨስኩ።

የዘንድሮ ጥምቀት ታቦቱን አጅበን ከፋሲለደስ መዋኛ ወደ ላይ ስንመለስ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር እየጨፈርን ነበር። ዳገቷ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ዳር ይዤ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። ከእኔ በ20 ዓመት የሚበልጡ ሰውዬ ከበሮ ተሸክመው አልፈውኝ ሄዱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ራሱ ስስ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ውስጥ ካለው ኦክስጅን ተሸካሚ ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ ቦታውን ይይዝበታል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ያን ቀን ዳገቷን የወጣሁት እኩል አየር ይዤ አልነበረም። ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት። ያኔ ያወቅኩት ደረቴ እንደማይበቃኝ ብቻ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ፣ ለበዓሉ ከውጭ የመጣችው፣ አራት ፓኬት ማስቲካ ከሻንጣዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «እናትህ ናት ያዘዘችኝ» አለችኝ። «ልጄን ይሄ ነገር እየገደለብኝ ነው፣ እናንተ አገር መድኃኒት ካለው አምጪልኝ» ብላ በስልክ ነግራታለች። እማዬ ለካ ሁሉንም ታውቅ ነበር። የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13፣ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ዕቃው። ማስቲካው በ2 ሚሊግራምና በ4 ሚሊግራም ይመጣል። ከእንቅልፍ በነቃህ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምታጨስ ከሆነ 4ቱ ነው የሚሆንህ፣ ከዚያ የምትቆይ ከሆነ 2ቱ። የእኔ 4 ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው፣ የሚገድለው ግን በዋናነት ጭሱ ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁት ብቻ ወደ 70 ይጠጋሉ። ማስቲካው ኒኮቲኑን ያለ ጭስ ትንሽ በትንሽ ይሰጥሃል፣ አንተ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ እየቀነስክ ትወጣለህ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እንደ ማስቲካ ማኘኬ ነው። ስሙ ማስቲካ ስለሆነ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አኘክሁት፣ ዋጥኩት ምራቁን፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስቅታ ያዘኝ፣ ቃር ተከተለ፣ ሆዴ ተገላበጠ። ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው፦ ቀስ ብለህ ጥቂት ጊዜ ታኝከዋለህ፣ ሚጥሚጣ የነካው ዓይነት መለብለብ ሲሰማህ ታቆማለህ፣ በጉንጭህና በድድህ መካከል ትወሽቀዋለህ። መለብለቡ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት ታኝካለህ፣ በሌላኛው ጉንጭ ትወሽቃለህ። ግማሽ ሰዓት እንደዚህ። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ነው፤ ከዋጥከው ሆድ ያቃጥላል እንጂ ሐራራ አያበርድም። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስቅታው በሁለት ቀን ጠፋ።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። ሲጋራ ስትስብ ኒኮቲኑ ጭንቅላት የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ማስቲካው ግን 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ሐራራህ ከተነሳ በኋላ ብትወስደው ዘግይተሃል። ስለዚህ በሰዓት ነው የሚወሰደው፦ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ ፍሬ፣ ቀጥሎ 3 ሳምንት በየሁለት እስከ አራት ሰዓቱ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት በየአራት እስከ ስምንት ሰዓቱ። እኔ የሱቁ ስልክ ላይ ማንቂያ ሞላሁ። ደንበኞቼ ማንቂያው ሲጮህ «ምንድን ነው?» ይሉኛል፣ እኔም ሳልደብቅ እነግራቸው ጀመር። ሦስት ሰዎች «እኔም እፈልጋለሁ» አሉኝ። አንዱን ለስድስት ዓመት አውቀዋለሁ፣ እንደሚያጨስ ግን አላውቅም ነበር።

አሁን ቡናው። ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ምክንያቱም ብዙ የእኛ ሰው ማስቲካውን ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ይመስለኛል።

እማዬ ማታ ማታ ቡና ታፈላለች። እኔ ሱቅ ዘግቼ ስደርስ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ እጣኑ እየጤሰ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማስቲካውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ አቦሉን እጠጣ ነበር። ምንም ስሜት የለውም። ውሃ እንደማኘክ ነው። ሐራራዬ ደግሞ በቡና ሰዓት ነው የሚብሰው፤ 19 ዓመት ሙሉ ከቡና በኋላ ደጅ ወጥቼ አጭሻለሁና ሰውነቴ ስኒ ሲያይ ሲጋራ ይጠብቃል። በሦስተኛው ማታ «አልቻልኩም» ብዬ ልወጣ ጫማዬን አጥልቄ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅኩት ወረቀቱን እንደገና አንብቤ፣ ከዚያም አንድ የማውቀውን የጤና ባለሙያ ጠይቄ ነው። ቡና፣ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ አፍን ወደ ኮምጣጣነት ይወስዱታል፤ አፍ ኮምጣጣ ሲሆን ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ማለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ማስቲካው አፍህ ከመግባቱ 15 ደቂቃ በፊት፣ እና አፍህ ውስጥ እያለ፣ ከውሃ በቀር ምንም መጠጣት የለብህም። ወረቀቱ የሚለው ይሄንኑ ነው። ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው የሚያስበው አንድ ኩባያ ቡና ቆሞ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ወሬ ተወርቶ እስኪያልቅ እኛ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ሰዓት ያለ ማስቲካ፣ ያውም ሐራራው በሚበረታበት ቦታ።

መፍትሔውን ያገኘችው እማዬ ናት። ነገሩን ስነግራት «ታዲያ ከሰሉ ሲያያዝ ለምን አትይዘውም፣ ልጄ?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከሰል ሲያያዝ ማስቲካውን አፌ ውስጥ አስገባለሁ። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፤ ግማሽ ሰዓቷ እዚያው ትሞላለች። አቦሉ ሲቀዳ ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልዬ እጥላለሁ። ኒኮቲኑ ቀድሞ ደሜ ውስጥ ስለገባ ሦስቱንም ስኒ ተረጋግቼ እጠጣለሁ። ከበረካ በኋላ አፌን በውሃ ተጉመጥሙጬ 15 ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ካስፈለገኝ ሌላ ፍሬ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ከቡና ተነስቼ ደጅ ወጥቼ አላውቅም። እማዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከሰል አያይዣለሁ» ብላ በስልክ ትነግረኛለች፣ የሰፈሩ ዳገት ላይ ሆኜ እንኳ ቢሆን ማስቲካዬን አፌ ውስጥ እንዳስገባ።

ቡና ላይ ሌላም ጣጣ አለ፣ ይሄኛውን ወረቀቱ ጭራሽ አላነሳውም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ልቤ ይመታል። ከሁሉ የከፋው እጄ መንቀጥቀጡ ነው። የስልክ ቦርድ ላይ የምትበየደው ነገር ከጤፍ ፍሬ የማትተልቅበት ጊዜ አለ፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሥራ የለም። የአንድ ደንበኛ ቻርጅ መግቢያ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ከኪሴ ተካሁ። ማስቲካው ነው ብዬ ልተወው ደርሼ ነበር። ማስቲካው አልነበረም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ይሄን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጭሱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ማጨስ ስታቆም ጉበትህ ወደ ራሱ ፍጥነት ይመለሳል፣ ያው የድሮውን ያህል ቡና ስትጠጣ ግን ደምህ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። ማስቲካ ብታኝክም ባታኝክም። እንቅልፍ ማጣቱንና መበርገጉን ሰው የሲጋራ ጥም መስሎት ተመልሶ ያጨሳል። በእኔ ይሁንባችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቡናችሁን በግማሽ ቀንሱ። እኔ ቀን ላይ ከጎረቤት ጀበና የምጠጣቸውን ሦስት ስኒዎች ተውኩ። የእማዬን አልነካሁም። በአራት ቀን ውስጥ እጄ ረጋ።

ጾሙ ሌላ ፈተና ነበር። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ገና በየሁለት ሰዓቱ ላይ ነበርኩ፣ እስከ 9 ሰዓት ደግሞ ምንም አፌ አይገባም። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ሲጋራ እንደማጨስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው የነገርኩት ያኔ ነው፣ አንገቴን ደፍቼ። አልተቆጡም። «መድኃኒት ነው ብለህ ከያዝከው እንደ መድኃኒትህ ውሰደው፣ ሌላውን ጠብቅ» አሉኝ። የእናንተ አባት ሌላ ሊሉ ይችላሉ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ባዶ ሆድ ላይ ግን ቃሩ ያይላል፣ ስለዚህ ጠዋት ላይ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ በዝግታ ነበር የማኝከው።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ አራቱ ፓኬቶች አለቁ። ጎንደር ውስጥ ስድስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ፣ ከፒያሳ እስከ ማራኪ። የለም። አንዱ ጋ «ለአፍ ጠረን ነው?» አሉኝ። አንዲት ፋርማሲስት ግን ስሙን በወረቀት ጻፈችና «ወንድሜ፣ ጠያቂ ካለ እናስመጣለን፣ እስካሁን የጠየቀኝ ግን አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ሁለት ፓኬት፣ አሁን 2 ሚሊግራም፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ላከች። ከዚያ በአውቶቡስ እስኪደርሰኝ አራት ቀን ባዶ እጄን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አዘዞ ለቅሶ ነበረኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ወንዶቹ ቆመው ያጨሳሉ፤ አንዱ ሳልጠይቀው ዘረጋልኝ። ሁለት አጨስኩ። ማታ ለእማዬ ነገርኳት፤ እሷም «ነገ ደግሞ አለ» ብላ ቡናዋን ቀዳችልኝ።

ይሄ ማስቲካ ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፣ ከነቆዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። መሠረታዊ ማለት የትኛውም አገር ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ብዙ ሙከራዎችን አገናዝቦ፣ እንዲህ ዓይነት ኒኮቲን መተኪያዎች የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምሩ አግኝቷል። ተአምር አይደለም፤ ብዙ ሰው ማስቲካም ይዞ ይመለሳል። ግን በባዶ እጅ ከሚሞክር ይሻላል።

ለምን እዚህ እንደሌለ ስጠይቅ የምሰማው መልስ «አጫሽ ትንሽ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8። ከብዙ አገር አንጻር ጥሩ ቁጥር ነው፣ እንዲህ እንዳለ እንዲቆይም እመኛለሁ። ነገር ግን ከመቶ አምስት ማለት በዚህ አገር ሕዝብ ብዛት ሚሊዮኖች ነው። በዓለም ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከዚያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው አጭሰው የማያውቁ፣ የሌላ ሰው ጭስ የገደላቸው ናቸው። ከዓለም ትምባሆ ተጠቃሚዎች ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ማስቲካው ያለው ግን እዚያ፣ በሀብታሞቹ አገር ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ነው። ሲጋራው እኔ ሱቅ በር ላይ በፍሬ ይሸጣል። ያው ሱቅ በደረቴ ከሲጋራው ጎን የሕፃናት ማስቲካ ይዟል። የሚያስቆመውን ማስቲካ ለማግኘት ግን ባሕር ማዶ ዘመድ ሊኖርህ ይገባል። ይሄ ልክ አይደለም።

ሕጋችን ጥሩ ነው፣ ይሄን ሳልል አላልፍም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከልክሏል፣ ፓኮው ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ አስገድዷል። ሺሻንም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አግዷል። ያን ሥዕል በየቀኑ እያየሁ አጭሻለሁ። አስፈርቶኛል፣ ግን ካስፈራኝ በኋላ ወዴት እንደምሄድ የሚነግረኝ አልነበረም። ሰውን ካስፈራችሁት በኋላ መሄጃ ስጡት። የምጠይቀው ይሄን ነው።

ሺሻን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ጓደኛዬ «ሲጋራውን ትተህ ሺሻ ጀምር፣ ጭሱን ውሃው ያጣራዋል» ብሎኝ ነበር። አያጣራውም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ስለሚቀዘቅዝም ይበልጥ በጥልቀት ትስበዋለህ። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እባካችሁ እንደ መሸጋገሪያ አትያዙት።

ማስቲካው የማይሠራውንም ልናገር። እጅ ላይ የሚቀረውን ባዶነት አይሞላም፤ እኔ ለእሱ ትንሽ መፍቻ በኪሴ ይዤ እየዞርኩ ነው። ንዴቱንም ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደንበኛ ላይ ጮኼያለሁ፣ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይ በቅርቡ የልብ ሕመም ያጋጠመው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ሕፃናት ከደረሱበት ደግሞ መርዝ ነው፣ ማስቲካ ስለሚመስል ያምራቸዋል። እኔ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፣ ፓኬቱ የሚቀመጠው ሱቅ ውስጥ በቁልፍ ነው።

ዋጋውን በግልጽ ልናገር፦ ለሦስት ወር ለሲጋራ ከማወጣው በላይ ወጥቶበታል። የአክስቴ ልጅ ባትኖር አልችለውም ነበር። ግን ሦስት ወር ብቻ ነው የሚወጣበት። እንግሊዝ አገር ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው የሪቻርድ ዶል ጥናት፣ ሳያቋርጡ የሚያጨሱ ሰዎች በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ያቆመ ሰው ከዚያ ውስጥ 9 ዓመቱን ያስመልሳል፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3። እኔ 38 ነኝ። የሱቄ ጎረቤት ጋሼ 60 ሞልቷቸዋል፣ «ለእኔማ መሽቷል» ይሉኝ ነበር። ይሄን ቁጥር ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ሦስት ዓመት ትንሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከስድስተኛው ፓኬት 11 ፍሬ ቀርቷል። እኔ አሁን የሚያስፈልገኝ በቀን አንድ ብቻ ነው፣ ከሰል ሲያያዝ የምይዛት። ፋርማሲስቷ ደግሞ ትናንት ደውላ «እስካሁን አራት ሰው ጠይቆኛል» ብላኛለች። ማራኪ፣ አዘዞ፣ ቀበሌ አሥራ ስምንት፣ የትም ብትሆኑ፣ የምትገዙ ባትሆኑ እንኳ ወደ ቅርባችሁ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላችሁ በስሙ ጠይቁላቸው፦ የኒኮቲን ማስቲካ፣ 4 ሚሊግራም።